የዳገቱን መንገድ ማን ይክፈል?

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ በኮረብታ ላይ ለሚሠሩ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የሚያስፈልገውን የመንገድ ማሻሻያ ወጪ ከአልሚዎች ስለ መሰብሰብ

ዳገት ላይ የሚሠራ ቤት ሜዳ ላይ ከሚሠራው የሚለየው በመሠረቱ ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ወደ ቤቱ በሚያደርሰው መንገድም ነው። ሜዳ ላይ አፈሩ ይጠረጋል፣ ገረጋንቲው ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል፣ አስፋልቱ ይነጠፋል። ዳገት ላይ ግን የመንገዱ ግማሽ ስፋት ከላይኛው ጎን ተቆርጦ፣ ግማሹ በታችኛው ጎን ተሞልቶ ነው የሚገኘው። የተቆረጠው እንዳይናድ የድጋፍ ግንብ ይፈልጋል፤ የተሞላውም እንዳይንሸራተት ሌላ ግንብ። ከላይ የሚወርደውን ውኃ የሚቀበል ቦይ በላይኛው ጠርዝ ይቆፈራል፤ ውኃው መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍበት ቱቦም በየተወሰነ ርቀት ይቀበራል። ርዝመቱም ሌላ ወጪ ነው። ተዳፋቱ ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ ከተፈለገ 50 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 500 ሜትር መንገድ ያስፈልጋል፤ ቤቱ ግን ከዋናው አስፋልት በቀጥታ ሲለካ 150 ሜትር ብቻ ሊርቅ ይችላል። የዳገት መንገድ በሜትር ሲሰላ ውድ ነው፤ ሜትሩም ይበዛል።

የአዲስ አበባ አቀማመጥ ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድሞ የሚያስነሳ ነው። በሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከጉለሌ እስከ የካ ያሉት ሰፈሮች በዚህ ቁልቁለት ላይ የተሰደሩ ናቸው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብም በእነዚሁ ሰፈሮች አልፎ ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዞች ይወርዳል። ሜዳው በቤት ሲሞላ ግንባታ ወደ ላይ ይወጣል። በዳገቱ ላይ ቤት መሥራት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው የመዋቅራዊ ፕላን ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይነሣም። እዚህ የሚነሣው የተፈቀደው ግንባታ የሚያስከትለውን የመንገድ ወጪ ማን፣ መቼና በምን ስሌት ይክፈል የሚለው ነው።

የተለመደው ቅደም ተከተል ቤቱ ቀድሞ መንገዱ የሚከተልበት ነው። አልሚው በአጥሩ ውስጥ ያለውን መንገድ አሳምሮ ይሠራል፤ ገዢ የሚያየው እሱን ነውና። ከአጥሩ በር እስከ ዋናው አስፋልት ያለው አገናኝ መንገድ ግን የማንም ሳይሆን ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ይህ አገናኝ መንገድ ነባሮቹ ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁመው፣ በየቤቱ ገንዘብ አዋጥተው ኮብልስቶን ያስነጠፉት ቅያስ ነው። በግንባታው ጊዜ አሸዋ፣ ድንጋይና ብረት የጫነ ሲኖትራክ በዚያ ቅያስ ይመላለሳል። ዳገቱን ሲወጣ የኋላ ጎማው ድንጋዩን ወደ ታች እየገፋ ያላቅቀዋል፤ ሲወርድ ደግሞ በፍሬን ይፍቀዋል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ በመጀመሪያው ክረምት ታጥቦ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ድንጋይ ሲነቀል የጎረቤቱም መያዣ ይላላል። አዲሱ ነዋሪ ዕቃውን ጭኖ ሲገባ የሚያገኘው መንገድ ግንባታው ሲጀመር ከነበረው የባሰ ነው።

የጭነት መኪና በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዓይን ከሚገመተው እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደ ትልቅ የመንገድ ሙከራ የጉዳቱ መጠን ከአክስሉ ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። በዚህ ስሌት 10 ቶን የተጫነበት አንድ አክስል 1 ቶን ከተጫነበት አክስል 10,000 እጥፍ ገደማ ያደክማል። ስለዚህ ለአዲስ መንደር የሚከፈለው የመንገድ ዋጋ ወደፊት የሚመጡትን የቤት መኪኖች ብቻ ቢቆጥር ትልቁን ጉዳት ሳይቆጥር ያልፋል።

ከመኪናው ይልቅ ደግሞ ውኃው ያስፈራል። ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ ዳገት ከሚወርድበት ዝናብ ጉልሁን ክፍል ይጠጣል፣ የቀረውንም ያዘገያል። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢና አስፋልት ግን ከዐሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ወዲያውኑ ይለቃሉ። ቦይ የሌለው የዳገት መንገድ ክረምት ሲገባ ራሱ ቦይ ይሆናል፤ ጎርፉም የሚያርፈው ከታች ባለው ሰፈር፣ ስለ ግንባታው ምንም ባልተጠየቀው ነዋሪ ደጃፍ ነው። ይህ ነዋሪ የላይኛውን ልማት ወጪ በዓይነት እየከፈለ ነው ማለት ይቻላል፦ በፈረሰ አጥር፣ በረጠበ ፍራሽ፣ በተዘጋ መጸዳጃ። የመንገድ ክፍያ ይጣል አይጣል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ክፍያው ባይኖርም ወጪው ይኖራል፤ ወጪውን ያስከተለው ሰው ቀርቶ ሌላው ይሸከመዋል።

የአደጋ ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1991 በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ የተነሣው እሳት 25 ሰው ገድሏል፣ 3,000 ገደማ መኖሪያዎችንም አውድሟል። በኮረብታው ላይ የነበሩት መንገዶች ጠባብና ጠመዝማዛ ስለነበሩ የሚሸሸው ሰውና የሚወጣው የእሳት አደጋ መኪና እርስ በርስ ተዘጋጉ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚሠራበት የእሳት አደጋ ደንብ አባሪ የመግቢያ መንገድ ስፋት ከ6 ሜትር ገደማ እንዳያንስ፣ ተዳፋቱ ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ፣ ከ30 በላይ ቤቶች ያሉት መንደር ደግሞ በመሠረቱ ሁለት የተለያዩ መውጫዎች እንዲኖሩት ይላል። በአዲስ አበባ ዳገቶች ላይ የደን እሳት ሥጋት እንደ ካሊፎርኒያ አይደለም፤ ነገር ግን ምጥ የያዛትን ሴት የሚያወርድ አምቡላንስ፣ ውኃ የጫነ ቦቴ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፉት በዚያው አንድ ቅያስ ነው።

ይህን ዓይነት ወጪ ከአልሚ በክፍያ መሰብሰብ በአሜሪካ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል የቆየ አሠራር ነው። በፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1976 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዱኔዲን የተባለችው ከተማ በአዳዲስ ግንባታዎች ላይ የጣለችውን የውኃና የፍሳሽ ክፍያ መርምሮ፣ ክፍያው ግብር እንዳይሆን ገንዘቡ ለአዲሱ ልማት ለሚያስፈልገው ማስፋፊያ ብቻ መዋል አለበት አለ። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1978 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ የንብረት ግብርን በተገመተው ዋጋ አንድ በመቶ ላይ ሲገድበው፣ የአካባቢ መስተዳድሮች ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመናፈሻ የሚሆነውን ገንዘብ ከአልሚዎች ወደ መሰብሰብ ዞሩ። ይህም ከልክ እንዳያልፍ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ሕግ አወጣች። ክፍያ የሚጥል መስተዳድር ዓላማውን መግለጽ፣ ገንዘቡ የሚውልበትን ሥራ መለየትና በግንባታውና በክፍያው መካከል ያለውን ግንኙነት ማስረዳት አለበት። ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል። አምስት ዓመት ያልተነካ ገንዘብ ካለ ለምን እንደቆየ ማስረዳት፣ ካልሆነም መመለስ ግድ ነው። ቀድሞ የነበረን የመንገድ ጉድለት ለመሙላት አዲሱን ገንቢ ማስከፈልም አይቻልም። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ከነዋሪው እስከ አስተዳዳሪው ሁሉም ሊጥሰው የሚፈተነው እሱን ነውና።

የእነዚህ ደንቦች ፈተና በጥሩ ሁኔታ የታየው በዚያው ግዛት ባለው በኤል ዶራዶ ካውንቲ (አውራጃ) ነው። ካውንቲው በሴራ ኔቫዳ ተራራ ወገብ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1848 የካሊፎርኒያን የወርቅ ግርግር ያስነሣው ወርቅ የተገኘው በዚያ ነው። በኋላ ከከተማ የሸሸ ቤት ፈላጊ ወደ ኮረብታዎቹ ሲጎርፍ መንገዱ ተጨናነቀ፤ ካውንቲውም ለአዲስ ቤት ሁሉ የትራፊክ ክፍያ ጣለ። የክፍያው መጠን የሚወሰነው በግንባታው ዓይነትና ቦታው ባለበት ቀጠና ነበር። ጆርጅ ሺትዝ የተባሉ ሰው ፕላሰርቪል አጠገብ ባላቸው ቦታ ላይ ተገጣጣሚ ቤት ለማቆም ፈቃድ ሲጠይቁ 23,420 ዶላር ተጠየቁ። ከፈሉ፤ ፈቃዱን ካገኙ በኋላ ግን ከሰሱ። ክርክራቸው አጭር ነበር፦ አንድ ቤት በመንገዱ ላይ የሚጨምረው ጫና ይህን ያህል መሆኑን ካውንቲው ለይቶ አላሰላም። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ክፍያው በአስተዳደር ሠራተኛ ውሳኔ ሳይሆን በሕግ አውጪ አካል የተጣለ ስለሆነ ከግንባታ ፈቃድ ጋር በሚጣል ግዴታ ላይ የሚሠራው ጥብቅ መመዘኛ አይመለከተውም ብለው ለካውንቲው ፈረዱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 2024 በሙሉ ድምፅ ይህን ሻረ። ለሁሉም የተጻፈ ደንብ መሆኑ ብቻ ክፍያን ከምርመራ አያድነውም አለና ጉዳዩን ወደ ታች መለሰው። ለአንድ የቤት ዓይነት በጅምላ የተተመነ ክፍያ እንደ እያንዳንዱ ቤት ጫና መለካት አለበት ወይ የሚለውን ግን ሳይመልስ አለፈ።

ጥብቁ መመዘኛ የተባለው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ግንኙነት ነው፦ የሚጠየቀው ነገር ግንባታው ከሚያመጣው ችግር ጋር የተያያዘ ይሁን። ሁለተኛው ተመጣጣኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኦሪገን ግዛት የታየው የዶላን ጉዳይ ይህን አጸና፤ ከተማዋ ሱቋን ልታሰፋ ከጠየቀች ሴት ለጎርፍ መከላከያና ለብስክሌት መንገድ መሬት ስትጠይቅ፣ የተጠየቀው ከጫናው ጋር በግምት እንኳ መመጣጠኑን የማስረዳት ሸክም በከተማዋ ላይ ወደቀ። የአሜሪካ ፍርድ አዲስ አበባን አያስርም። ሆኖም እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የየትኛውም አገር ከፋይ የሚጠይቃቸው ናቸው፤ ዝግጁ መልስ ያለው ክፍያ ይከፈላል፣ የሌለው ደግሞ በአማላጅ ይቀነሳል።

ኮሎምቢያ በሌላ በኩል ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ባለው ሕጓ መንገድ ሲሠራ ዋጋው ከፍ የሚልለት የመሬት ባለቤት ሁሉ ከወጪው ድርሻውን ያዋጣል፤ ቦጎታም፣ በተራራ የተከበበችው ሜዴሊንም በርካታ መንገዶቻቸውን በዚህ ሠርተዋል። ይህ ክፍያ አዲሱን አልሚ ብቻ ሳይሆን መንገዱ የሚያልፍበትን ነባር ባለይዞታ ይጨምራል። ለአዲስ አበባ የሚስማማው የሁለቱ ቅልቅል ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ኪሱ ያልደረጀውን ነባር ነዋሪ፣ ያውም ለኮብልስቶኑ አንድ ጊዜ ያዋጣውን፣ ቤቱ ስለተወደደ ብቻ ዳግመኛ ማስከፈል ከባድ ፍርድ ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ሕግ። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከተሜው አዲስ ቦታ የሚይዘው በሊዝ ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሊዝ መነሻ ዋጋን ሲተረጉም የመሠረተ ልማት ዝርጋታ ወጪን ከግምት ያስገባል። ስለዚህ በጨረታ ቦታ የወሰደ አልሚ «መንገዱን በሊዙ ከፍያለሁ» ቢል ክርክሩ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ከአልሚዎች ወገን ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክር ቤቱም በቸልታ ሊያልፈው አይገባም። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። በሊዝ ዋጋው ውስጥ ለአካባቢው መንገድ የተሰላ ገንዘብ ካለ ከአዲሱ ክፍያ ላይ ይቀነስ፤ ሁለቴ ማስከፈል አይቻልም። ነገር ግን የሊዝ ዋጋ የሚሰላው በካሬ ሜትር ነው፤ ጫናው የሚመጣው ግን በቤት ቁጥር ነው። በተመሳሳይ ስፋት መሬት ላይ አራት ቪላ ወይም ባለ ዐሥር ፎቅ አፓርታማ ሊቆም ይችላል። በምደባ የተሰጠ ቦታና ግቢው ፈርሶ ሕንፃ የሚበቅልበት ነባር ይዞታ ደግሞ በጨረታ ያልተፈተኑ ናቸው። ክፍያው መያያዝ ያለበት ከመሬት ርክክቡ ጋር ሳይሆን ከግንባታ ፈቃዱ ጋር የሆነው ለዚህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ይህን ክፍያ አይተካም። የንብረት ታክስ በየዓመቱ የሚገባ ጠቅላላ ገቢ ነው፤ ለጥገና፣ ለጽዳት፣ ለመብራት ይሆናል። የመንገድ ክፍያ ግን አንድ ጊዜ፣ ለታወቀ መንገድ፣ ቤቱ ከመቆሙ በፊት የሚከፈል ነው።

ስሌቱ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌ ይበቃል። አንድን አገናኝ መንገድ ማስፋት፣ ቦዩንና ግንቡን ጨምሮ፣ 100 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። በሥራ መግቢያ ሰዓት ነባሩ ሰፈር 600 ጉዞ፣ አዲሶቹ መንደሮች 400 ጉዞ ያመነጫሉ ቢባል የአልሚዎቹ ድርሻ 40 ሚሊዮን ነው፤ 60 ሚሊዮኑ የከተማው ነው። ከተማው ድርሻውን ሳይመድብ የአልሚውን ብቻ ቢሰበስብ መንገዱ አይሠራም፣ ገንዘቡም ሲቀመጥ ይቀልጣል። ለዳገት ግን የጉዞ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ለግንብና ለቦይ የሚወጣው ገንዘብ ውኃ በማያሳልፈው ስፋት፣ ማለትም በጣሪያውና በሲሚንቶው ካሬ ሜትር፣ መከፋፈል አለበት። እንዲህ ከሆነ ግቢውን በሣርና በዛፍ የሚተው፣ የዝናብ ውኃ በጋን የሚያጠራቅም አልሚ ያነሰ ይከፍላል፤ ክፍያውም ገቢ ከመሰብሰብ አልፎ የግንባታውን ዓይነት ያስተካክላል። በአሜሪካ ለአንድ ቪላ በቀን ወደ ዐሥር የሚጠጋ የመኪና ጉዞ ይታሰባል፤ ብዙው ሰው በሚኒባስና በእግሩ በሚሄድባት አዲስ አበባ ይህን ቁጥር መገልበጥ ስሕተት ነው። ቆጠራው እዚሁ፣ በዳገቶቹ መገናኛዎች ላይ መደረግ ይኖርበታል።

ክፍያው ውሎ አድሮ በቤት ገዢው ላይ ይወድቃል የሚለው ሥጋት በከፊል እውነት ነው። አልሚው ቦታውን ከመውሰዱ በፊት ክፍያውን ካወቀ ለመሬቱ የሚሰጠውን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል፤ ሳይነገረው በመሀል ከመጣበት ግን ወደ ገዢው ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ክፍያው ገና ቦታ ባልወሰዱት ላይ ይጀምር፤ ቤታቸውን አስቀድመው ከፍለው ለሚጠብቁ ገዢዎች ዋጋ መጨመሪያ ሰበብ አይሁን። የመኖሪያ ቤት ማኅበራትና ለራሱ አንድ ቤት የሚሠራ ሰውም ከሪል ስቴት ኩባንያ ጋር እኩል መታየት የለባቸውም፤ የሺትዝ ክስ የተነሣው አንዲት ቤት የሚያቆም ሰው ጫናው ተለይቶ ሳይሰላ በጅምላ ሠንጠረዥ ስለተያዘ ነው።

አልሚው ገንዘብ ከመክፈል መንገዱን ራሱ ልሥራ ካለ መፍቀዱ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ማሽኑ ቦታው ላይ ነው፤ ሬንጅ ከውጭ የሚገባ በመሆኑና የውጭ ምንዛሬ አሠራሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በመለወጡ ደግሞ ዛሬ የተሰበሰበ ብር ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ አስፋልት አይገዛም። ይሁንና ሥራው በከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ዲዛይንና ቁጥጥር ይሁን፤ ቦዩና ግንቡ ከአስፋልቱ ቀድሞ ይሠራ፤ ርክክቡም ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ ይሁን። የዳገት መንገድ ጥራት በነሐሴ እንጂ በጥር አይታወቅም። በገንዘብ ለሚከፍሉት ደግሞ ተመኑ በየዓመቱ ከግንባታ ዋጋ ጋር ይከለስ።

እንግዲህ ከምክር ቤቱ የሚጠየቀው ይህ ነው። የመሬት ልማትና አስተዳደር ቢሮ በዳገቶቹ ላይ ተጨማሪ ቦታ ለጨረታ ወይም ለምደባ ከማቅረቡ በፊት የመንገድ ክፍያ ደንብ ይውጣ። ደንቡ ድርሻን ከጫና ጋር ያያይዝ፤ የነባር ጉድለት ወጪን ለከተማው ይተው፤ የሊዝ ተቀናሽን በግልጽ ያስቀምጥ። ለእያንዳንዱ ዳገት የተሰበሰበው ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይያዝ፤ በየዓመቱም ምን ያህል ገባ፣ የትኛው መንገድ ተሠራ የሚለው በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለ ለከፋዩ ይመለስ። ረቂቁም ከነስሌቱ ለአልሚዎችም፣ ከዳገቱ በታች ለሚኖሩትም ለውይይት ይቅረብ፤ የታችኞቹ በስብሰባው የመጀመሪያውን ወንበር ያግኙ።